«አንተስ ብትሣል ስንት ዓይን ይኖርህ ነበር?»

የወደቡ_ልጅ (ክሩን የከፈተው) · እሑድ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ሰው በጀልባ ዘጌ ማድረስ፣ በቡናው ጫካ ይዞ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ማስገባት፣ ሥዕሎቹን ማስረዳትና መመለስ ነው። አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ስትደጋግመው አፍህ ብቻውን ያወራል። እኔ እያስረዳሁ ምሳ ምን እንደምበላ ማሰብ እችላለሁ። ስቅለቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። እሱም ልምድ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከዚሁ ከከተማው ተማሪዎች ይዤ ነበር፣ የ5ኛ ክፍል ልጆች። ያየ ያውቀዋል፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፣ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። ሁሌ የምለውን አልኩ። «በድሮ ሠዓሊዎቻችን ልማድ ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።» ልጆች ይኼን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ወዲያው ባለ አንድ ዓይን ፍለጋ ግድግዳውን መዞር ይጀምራሉ።

አንዷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ እንደቆመች ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ አንተስ ብትሣል ስንት ዓይን ይኖርህ ነበር?» አለችኝ።

አስተማሪያቸው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። «እሱን ሠዓሊው ነው የሚያውቀው» ብዬ አለፍኩት።

ስንመለስ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣና እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ነፋሱ ተነሣ፣ ጀልባው መዝለል ጀመረ፣ ልጆቹ በየማዕበሉ እየጮሁ ይስቃሉ። እኔ ዝም። የልጅቷ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቷል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ለፈረንጅም ለአበሻም በ12 ደቂቃ አስረዳለሁ። የት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደተሰቀለ፣ በሦስተኛው ቀን እንደተነሣ። ማተብ አንገቴ ላይ አለ። እሱን ራሱን ግን አናግሬው የማውቅ አይመስለኝም። ስለ አንድ ሰው ዕድሜ ልክ እያወሩ ሰላም ሳይሉት መኖር ይቻላል? ማን ነው እሱ? ካወቅሁትስ በኋላ ምንድን ነው የሚደረገው?

ቆሮሶ_ጥብስ · እሑድ ማታ 3፡52

እኔ በአንድ ዓይን፣ እሱም ተጨፍኖ 😂

ቀልዴን ነው ወንድም። ቦታ ይዣለሁ፣ የሚመልሱልህን ማንበብ እፈልጋለሁ።

ዘሰንበት · እሑድ ማታ 4፡30

ወንድሜ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁና እንደ ለመድኩት ከሥሩ ልጀምር። «ለእኔ ማን ነው» ከሚለው በፊት «ማን ነው» የሚለው ይቅደም። አለበለዚያ እያንዳንዳችን በልካችን አንድ ኢየሱስ ሰፍተን እሱን እንለብሳለን።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እስክንድርያ ውስጥ አርዮስ የሚባል ቄስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ኒቅያ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318ቱ አባቶች የዚያ ጉባኤ አባቶች ናቸው። በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት መሠረቱ እዚያ ነው የተጣለው። ከብርሃን የተገኘ ብርሃን፣ የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ።

የሊቃውንት ቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። የጀልባ ሰው ነህና በምታውቀው ልንገርህ። ጣና መሀል የሚሰምጥን ሰው ሌላ የሚሰምጥ ሰው ቢይዘው ሁለቱም ናቸው የሚወርዱት። ስለዚህ የሚያድነን ፍጡር ሊሆን አይችልም። ዳር ቆሞ «በርታ» የሚልም አይረባንም፣ ውኃው ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ሰው ሆነ። ሁለት ልደት የምንለው ይኼንኑ ነው፦ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት። ያው አንዱ ወልድ ነው፣ ሁለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳስበው ሁሌ ስለሚገርመኝ። ኒቅያ ላይ አንድ ወጣት ዲያቆን ነበረ፣ አትናቴዎስ። በኋላ የእስክንድርያ ጳጳስ ሆነ። ለዚህች ለአንዲቱ ነገር ሲል አምስት ጊዜ ተሰደደ። ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። ኢየሱስ ማን እንደሆነ የነገረን ሰው ለመልሱ ዋጋ ከከፈለ ሰው እጅ ነው የተላከው።

ሎጂክ_ብቻ · እሑድ ማታ 5፡05

ከይቅርታ ጋር። ማተቡን ያሰረችልህ እናትህ ናት። ሌላ አገር ብትወለድ ሌላ ነገር ታስር ነበር። ልጅቷ ስለ ሥዕል ጠየቀችህ፣ አንተ ነገሩን ወደ ሃይማኖት ወሰድከው። ኢየሱስ መኖሩን በምን አወቅን? እናንተው በጻፋችሁት መጽሐፍ?

ሌሊት_ተረኛ · ሰኞ ከሌሊቱ 8፡20

ተረኛ ነርስ ነኝ፣ ክፍሉ ጸጥ ስላለ ልመልስ።

ሎጂክ፣ መኖሩን እንኳን የሚክድ የታሪክ ምሁር ብዙ አታገኝም። ታሲተስ ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ ነው፣ ክርስቲያኖችን የሚንቅ ሰው። በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲጽፍ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እንደተገደለ አስፍሯል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍም ያነሣዋል፣ ምንም እንኳ በኋላ ሰዎች ጽሑፉ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ ቢባልም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስቅለቱ ገና 25 ዓመት ቢሆነው ነው። «ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ፣ ብዙዎቹ እስከ አሁን አሉ» ይላል። ሄዳችሁ ጠይቋቸው እንደማለት ነው። ተረት የሚያወራ ሰው የምስክሮቹን አድራሻ አይሰጥም።

ስለ እናትህና ስለ ማተቡ ያልከው ልክ ነው። እኔም አማርኛን ከእናቴ ነው ያገኘሁት። ከእናት ስለተገኘ ግን ውሸት አይሆንም።

ሎጂክ_ብቻ · ሰኞ ጠዋት 1፡15

መሰቀሉን እቀበላለሁ። መነሣቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ጥሩ መልስ ነው፣ አልዋሽም።

የፋሲሎ_ጎረቤት · ሰኞ ጠዋት 3፡00

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ለክርክር አልመጣሁም። የመርየም ልጅ ዒሳ እኛም ዘንድ የተከበረ ነቢይ ነው። መሲሕ እንለዋለን፣ ከድንግል መወለዱን እናምናለን፣ ተመልሶ እንደሚመጣም እናምናለን። አምላክ ነው በሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎረቤቶቼን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እሱ ራሱ «እኔ አምላክ ነኝ» ያለበት ቦታ የት ነው?

ሌሊት_ተረኛ · ሰኞ ቀን 9፡40

ወንድሜ ሰላም። ተኝቼ ተነሣሁ።

በዚያ አባባል ቃል በቃል አታገኘውም። ነገሩን ግን ታገኘዋለህ። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ይለዋል። እዚያ የተቀመጡት የሕግ መምህራን ወዲያው በልባቸው «ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ይኼን ማን ይችላል?» አሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል። እሱም «አይ፣ ተሳስታችሁ ተረድታችሁኛል» አላለም። ይልቅ ሽባውን አስነሥቶ አሳያቸው። ማርቆስ 14 ላይ ደግሞ ሊቀ ካህናቱ በግልጽ «የቡሩክ ልጅ ክርስቶስ አንተ ነህን?» ብሎ ጠየቀው። «እኔ ነኝ» አለ። ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀደደ። የሞት ፍርድ የመጣው በዚህ መልስ ነው።

ለወደቡ ልጅ የሚሆነው ግን ማርቆስ 4 ይመስለኛል። ማዕበል ተነሣ፣ ጀልባዋ ውኃ እየሞላች ነው፣ እሱ ከኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ቀሰቀሱት። ነፋሱን ገሠጸው፣ ባሕሩን «ዝም በል» አለው። ከዚያ በኋላ ነው እጅግ የፈሩት። «ነፋስም ባሕርም የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ተባባሉ። እነዚህ ዳዊት እየደገሙ ያደጉ ሰዎች ናቸው። መዝሙር 107 ላይ (በዳዊቱ ቁጥር 106) ማዕበሉን ጸጥ የሚያደርገው እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። እና አሁን ያ ሥራ ጀልባቸው ውስጥ ደክሞት ተኝቶ በነበረ ሰው ተሠራ። አምላክነቱም ሰውነቱም እዚያች ጀልባ ውስጥ አሉ።

የፋሲሎ_ጎረቤት · ሰኞ ማታ 1፡10

አመሰግናለሁ። አልተስማማሁም፣ ግን የጎረቤቶቼን ነገር አሁን በደንብ ተረዳሁት። አላህ ቀናውን ይምራን።

ጠበቃ_ነኝ · ሰኞ ማታ 1፡34

@ሌሊት_ተረኛ የጥቅስ አጠቃቀምሽ ጴንጤ ነሽ ይላል። ልጁን ከማተቡ ልታስወጪው ነው?

ሌሊት_ተረኛ · ሰኞ ማታ 1፡50

አዎ፣ ወንጌላዊት ነኝ። ማተቡን አልነካሁበትም።

አወያይ · ሰኞ ማታ 2፡05

ሁለት መልእክት ሰርዣለሁ። ልጁ ስለ ኢየሱስ ነው የጠየቀው፣ ስለ እኛ ጠብ አይደለም። ቀጥሉ።

መረብ_ጣይ · ማክሰኞ ሌሊት 11፡10

ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው፣ በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ብስት ይቅርታ።

እኔ አሣ አስጋሪ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም። ግን ሉቃስ 5 ሲነበብ ከካህኑ በላይ የገባኝ ይመስለኛል (እግዜር ይቅር ይበለኝ)። እኛ መረቡን የምንጥለው አመሻሽ ላይ ነው፣ ንጋት ላይ እናወጣዋለን። ስምዖንና ጓደኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ ወጡ። ባዶ የወጣህ ቀን መረቡ ይበልጥ ይከብዳል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቁጭ ብለው እያጠቡ ነው። አጥቦ ማሰጣት ማለት ለዛሬ በቃ ማለት ነው። ያኔ አናጺ መጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ጥልቁ ሂዱና መረቡን ጣሉ አላቸው።

እኔን ቢሆን እስቅበት ነበር። የታጠበ መረብ መልሶ ማራስ! ስምዖን ግን «ሌሊቱን ሁሉ ስንደክም ምንም አልያዝንም፣ ነገር ግን በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» አለ። ልብ በሉ፣ ያኔ ማን እንደሆነ በደንብ አያውቀውም። «አቤት» ነው የሚለው። አሣው መረቡን ሊበጥስ ሲደርስ ነው እግሩ ላይ ወድቆ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ኃጢአተኛ ነኝና ከእኔ ተለይ» ያለው። መጀመሪያ ታዘዘ፣ ከዚያ አወቀው። ከዚያ ደግሞ ራሱን አወቀ።

የነሱ ባሕር፣ የገሊላው፣ እኮ ትንሽ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ተምሮ እንደነገረኝ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር። ጣና ከ3,000 በላይ ነው። ውኃ ጎድሎ በፈረንጅ 1986 ጭቃ ውስጥ የዚያ ዘመን ጀልባ ተገኝቶ ነበር፣ 8 ሜትር ከምናምን። ከኛ ታንኳ ይበልጣል፣ ከቱሪስት ጀልባ ግን እምብዛም አይበልጥም። አሣቸውም የቆሮሶ ዘመድ ነው። ሩቅ አገር አታስመስሉት።

ደርሻለሁ፣ ቻው።

ቆሮሶ_ጥብስ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

ስሜን በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ከዛሬ ጀምሮ አክብሩኝ።

እማማ_ቡና · ማክሰኞ ቀን 6፡25

ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ጽፈዋል። የልጅ ልጄ አንብባልኝ ነው የሰማሁት፣ ይኼንንም እሷ ናት የምትጽፍልኝ።

አንተ ያንን ስቅለት ስታስረዳ ጎኑን በጦር የወጋውን ለንጊኖስን ትረሳዋለህ መሰለኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ለንጊኖስ አንድ ዓይኑ የታወረ ነበር። ሲወጋው ከጌታ ጎን የፈሰሰው ደም ዓይኑን ነካው፣ በራለት። ስለዚህ የልጅቷን ጥያቄ አትፍራው። የወጋውም ሰው በሁለት ዓይኑ ተመልሷል። ግን ቀርቦ ነው። ከሩቅ ሆኖ አልበራለትም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው በሕፃን ጥያቄ ይኼን ያህል የሚታመሰው ውስጡ የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው። የማን ገንዘብ ነው እጅህ ላይ ያለ?

የወደቡ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 4፡55

እማማ፣ መልእክትዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በምን አወቁ?

እሺ ልናገር። ስሜ ስለማይታወቅ ነው የደፈርኩት።

ሁሌ አብሬው የምሠራ ጀልባ ነጂ አለ፣ ካፒቴን ነው የምንለው። አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጀልባዋ የራሱ ናት፣ ነዳጁ የራሱ ነው። ዋጋውን ግን ከእንግዳው ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ፣ እሱ ፈረንጅኛ አይችልም። እንግዳው ይኼን ከፈለ ብዬ ለእሱ ቀንሼ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ 200፣ አንዳንዴ 500 ብር። ሰባት ዓመት። «ሁሉም ያደርገዋል» ነው የምለው። አሁን ስጽፈው ግን ማን እንደሚያደርገው ስም መጥራት አቃተኝ።

ያን ዕለት ማዕበሉ ላይ እሱ ነበር የሚነዳው። ልጆቹን እያሳቀ።

ዘሰንበት · ማክሰኞ ማታ 5፡20

ወንድሜ፣ ስለ መናገርህ እግዚአብሔር ይስጥህ። ዘኬዎስን አስብ፣ ሉቃስ 19። ቀራጭ ነው፣ ሥራውም ያንተው ዓይነት ነው፦ መሀል ላይ ቆሞ ከሁለቱም ወገን መውሰድ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልተናገረውም። ዘኬዎስ ግን ራሱ ተነሥቶ ቆሞ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ኢየሱስ ማን እንደሆነ የገባው ሰው ሒሳብ መሥራት ይጀምራል። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።

ሎጂክ_ብቻ · ማክሰኞ ማታ 5፡31

አራት እጥፍ በሰባት ዓመት? ሰውየው ሁለተኛ ጀልባ ይገዛል።

ሌሊት_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ 5፡48

😄 ይግዛ! ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ወገን። ብሩን መመለስህ አያድንህም፣ ያዳነህ እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዳይዞርብህ። በቃላት ካቃተህ ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባት ያላትን ተዋሳት፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ጌታ ይቺን አጭር ጸሎት አልናቃትም፣ ልጁን ፈወሰለት።

ዘሰንበት · ማክሰኞ ማታ 5፡55

በዚህስ ተስማምተናል። አወያዩ ይመዝግበው።

የወደቡ_ልጅ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡30

ምን ደረስክ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ።

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «መጀመሪያ ለሰውየው ንገረው፣ ከዚያ ና» አሉኝ። እንዲህ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አቅማማሁ። ረቡዕ ጠዋት በ12 ሰዓት ቀድሜው ወደብ ደረስኩ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ጀልባዋ ውኃ ይዛለች። በተቆረጠ ጀሪካን ውኃውን እየቀዳሁ ወደ ጣና እደፋለሁ፣ እየደፋሁ አወራሁት። ካፒቴኑን አይደለም፣ ኢየሱስን። ረጅም ነገር አልወጣኝም። «ስለ አንተ ስንት ዓመት አወራሁ፣ አንተን አናግሬህ ግን አላውቅም። ዛሬ ይኼን ሰውዬ እፈራዋለሁ። አለማመኔን እርዳው» አልኩ። ከሰማይ ምንም አልወረደም። ጀሪካኑ ያንሸራትታል፣ ካልሲዬ ረጥቧል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማኝ ሰው እንዳለ ሆኜ ተናገርኩ። ከዚህ በላይ ማብራራት አልችልም። አስጎብኚ ሆኜ ማብራራት ሲያቅተኝም የመጀመሪያዬ ነው።

ካፒቴኑ መጣ። ነገርኩት። ያጠራቀምኩትን 15,000 ብር ሰጠሁት፣ የቀረውን በየወሩ እከፍላለሁ አልኩት። ይቅርታ አድርጎልኝ የምንተቃቀፍ መስሎኝ ነበር። አላደረገውም። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። «የትልቋን ልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣሁ ጊዜ ካንተ ነው የተበደርኩት፣ ታስታውሳለህ?» አለኝ። አስታወስኩ። የራሱን ገንዘብ ነው ያበደርኩት። ሞተሩን ለማስነሣት ገመዱን ሲስብ ፊቱን አላዞረልኝም። እንግዶቹን ይዘን ሄድን፣ ተመለስን፣ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ማታ ስንለያይ ግን «ነገ በ2 ሰዓት ስምንት ሰው አለ፣ እንዳታረፍድ» አለኝ።

እማማ_ቡና · ቅዳሜ ማታ 3፡15

ጊዜ ስጠው ልጄ። ሰባት ዓመት ነው የወሰድክበት።

መረብ_ጣይ · እሑድ ቀን 7፡00

ከቅዳሴ መልስ አነበብኩት። ካፒቴኑን የማውቀው መሰለኝ። ምንም አልልም።

ቆሮሶ_ጥብስ · እሑድ ቀን 7፡20

ወንድም፣ ለገና ከአዲስ አበባ ዘመድ ይመጣብኛል። ዘጌ ደርሶ መልስ እውነተኛው ዋጋ ስንት ነው?

የወደቡ_ልጅ · እሑድ ቀን 7፡26

ወደብ ስትመጣ ካፒቴኑን ራሱን ጠይቀው።